መድኃኒቱን የደበቀስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን እየሰማን አድገናል። በአባባሉ ውስጥ ጥፋተኛው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሽተኛው። አፍሮ ወይም ፈርቶ ዝም አለ፣ ስለዚህ የመጣበትን ራሱ ይቻለው ነው ነገሩ። መልካም። ግን አባባሉን እንገልብጠውና «መድኃኒቱን የደበቀስ?» ብለን እንጠይቅ። ተረትና ምሳሌያችን እዚህ ላይ ጭጭ ይላል። ወይ ማንም አላሰበበትም፤ ወይ ደግሞ መድኃኒት መደበቅን ከመልመዳችን የተነሳ እንደ ጥፋት አንቆጥረውም። እኛ ሁለተኛው ይመስለናል።

ጥያቄውን ያነሣነው ለክርክር ያህል አይደለም። ከዶርማችን ልጆች መካከል ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከመንዝ የመጡ አሉ። አንድ ማታ ሻይ ይዘን ስንጫወት፣ በየአገሩ ለቁስል የሚሆን ቅጠል የሚያውቅ አንድ ሰው እንዳለ፣ ቅጠሉ ምን እንደሆነ ግን ከዚያ ሰው በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ሁሉም በየተራ ተናገሩ። የወሎው ልጅ ያወራው ከሁሉ ይብሳል። በሰፈራቸው እግር ላይ ወጥቶ አልደርቅ ያለ ቁስል የሚያደርቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው የሁለት ቀን መንገድ ተጉዞ ደጃቸው ያድር ነበር። ሽማግሌው አንድ ክረምት ድንገት ወደቁ፤ በማግስቱ ተቀበሩ። ልጃቸው ዛሬ የሚያውቀው አባቱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ወንዝ ወርደው ይመለሱ እንደነበር ብቻ ነው። ወንዙ አሁንም አለ። ዳርቻው ሙሉ ቅጠል ነው። የትኛው?

ፍርዱን እንዳናጣምም ግን አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። መድኃኒት ሁሉ የተደበቀ አይደለም። ዳማ ከሴን ማን ይደብቃል? ምች የመታው ሁሉ ከጎረቤት አጥር ቀጥፎ ያሸዋል። ጤና አዳም ከቡና ስኒ ውስጥ ይገኛል። ብሳና ለጭርት እንደሚሆን ከብት የጠበቀ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እጇን እሳት የፈጃት ሴትም ከደጇ አንድ የእሬት ቅጠል ሰንጥቃ ትቀባለች፤ ማንንም አትጠይቅም። እነዚህ የሕዝብ ናቸው። የተደበቀው ከዚህ በላይ ያለው ነው፦ ውህዱ፣ መጠኑ፣ የሚቀጠፍበት ጊዜ፣ የዚያች የአንዷ ቅጠል ስም። አዋቂው ብቻውን ወጥቶ ይቀጥፋል፤ እንዳይታወቅ ወቅጦ ወይም አድርቆ ፈጭቶ ያመጣል፤ አንዳንዱማ ዓይን ለማሳት ሲል ምንም የማይጠቅም ቅጠል ይቀላቅልበታል ይባላል። «ስሙ ከተነገረ ይረክሳል፣ አይሽርም» የሚል እምነትም አለ። ሲተላለፍ ለአንድ ልጅ፣ በተለይ ለታዘዘው ልጅ ይተላለፋል። ሞት ካልቀደመ ነው ታዲያ።

ይህን የሰማ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ፍርዱ ፈጣን ነው፤ «ጎጂ ልማድ!» ብሎ ይዘጋዋል። ወይም «ስግብግብነት» ይለዋል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። በመጀመሪያ ነገር፣ በብዙ ቦታ አዋቂው አስቀድሞ ዋጋ አይቆርጥም፤ የዳነው ሰው የፈቀደውን ይዞ ይመጣል፣ ዶሮ ወይም ማር፣ ካጣም የአንድ ቀን አረም። በዚህ ከብሮ ቆርቆሮ ቤት የሠራ አዋቂ አላየንም። ሁለተኛ፣ ሰውየው የደበቀው ስሙን እንጂ ፈውሱን አይደለም። ደጁ የመጣውን ቁስለኛ አይመልስም። ሌሊት ቢጠሩት ሌሊት ይነሳል። ስለዚህ «ቁስለኛ እያየ መድኃኒት የነፈገ ጨካኝ» የሚለው ሥዕል እሱን አይመስልም። ጥፋት ካለበት ጥፋቱ ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱን እንፈልገው።

አዋቂዎች ራሳቸው ከሚሰጡት ምክንያት ጠንካራው «በማያውቅ እጅ ከገባ ይገድላል» የሚለው ነው። ይህን እንዲያው ማለፍ አይቻልም። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ባላገር ያደገ ያውቃል። ነገሩን ይበልጥ ለመረዳት ግን ያልተደበቀውን እሬትን እንውሰድ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዝርያዎች አሉ፤ ሰዉ ግን ሁሉንም በአንድ ስም «እሬት» ይላቸዋል። አንዱን ቅጠል ስንቆርጠው ከቆዳው ሥር ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። «እንደ እሬት መረረኝ» የምንለው ይህን ነው። ቢዋጥ ሆድ ያጣድፋል፤ ጥሬ ሥጋ ላይ ቢነካ ይለበልባል። ከእሱ በታች መሐል ላይ ያለው ግልጹ ዝልግልግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉ ውሃ ነው፤ ቃጠሎን የሚያበርደው እሱ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በአንድ ቢላ ጫፍ ነው። ቢጫውን አንጠባጥቦ የማስወጣቱን ነገር ያላየ ሰው ቅጠሉን እንዳለ ጨፍልቆ ቁስል ላይ ይለጥፈዋል። ስሙን ማወቅ ማለት መድኃኒቱን ማወቅ ማለት አይደለም፤ አዋቂው ይህን ሲል እውነቱን ነው።

ግን እዚህ ላይ ታሪኩ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1935 በራጅ ጨረር የተቃጠለ የአንዲት ሴት ቆዳ በእሬት ቅጠል እንደዳነ አሜሪካ ውስጥ በሕክምና መጽሔት ከወጣ ወዲህ፣ እሬት በዓለም ገበያ ላይ ስሙ ገነነ። ሳሙናው፣ ቅባቱ፣ መጠጡ ሁሉ እሬት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሌላ ጥናት ወጣ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ቁስላቸው ተከፍቶ የቀረ ሴቶችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ፣ ለሌላው ወገን በተጨማሪ የእሬት ቅባት ሰጡ። የፊተኞቹ በአማካይ በ53 ቀን ዳኑ። እሬት የተቀቡት በ83 ቀን። ዘገየ ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2012 ጥናቶቹን ሁሉ ሰብስቦ የመረመረ ግምገማም፣ እሬት ቁስል ያድናል ለማለት የሚያበቃ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ደመደመ። ይህ ማለት ለኩሽና ቃጠሎ የምታውለው ሴት ሞኝ ናት ማለት አይደለም። እሬት ለአንዱ ቁስል የሚያበርድ፣ ለሌላው ቁስል የሚያዘገይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ልዩነት የታወቀው ግን ቅጠሉ በገሃድ ስለተያዘ፣ የዳኑትም ያልዳኑትም ስለተቆጠሩ ነው።

የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። ስለ መደበቅ ስንነጋገር ሁልጊዜ የምንቆጨው ለጠፋው መልካም መድኃኒት ነው። ያልተያዘውን መጥፎ መድኃኒት አናስብም። አዋቂው የሚያየው ምንድነው? የዳነው ሰው ዶሮ ይዞ፣ እየመረቀ ተመልሶ ይመጣል። ያልዳነው አይመለስም። የሞተው ጭራሽ አይመለስም። በዚያ ላይ አብዛኛው ቁስል ንጹሕ ከሆነና ካልነካኩት በራሱ ጊዜ ይድናል፤ ሥጋ የራሱ ጥበብ አለው። ታዲያ ቅጠሉ ነው ያዳነው ወይስ ሥጋው? አዋቂው ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም። ጎረቤቱ ካለው ሌላ አዋቂ ጋር እንዳያነጻጽር ሁለቱም ደብቀዋል። ስለዚህ ምስጢሩ መጀመሪያ የሚጎዳው ባለምስጢሩን ነው። ማወቁን የሚያውቅበትን መንገድ ይዘጋበታል። በሐቀኝነት አርባ ዓመት ያገለገለ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲሠራ እንደኖረ ሳያውቅ ይሞታል። ይህን ስናስብ ከሰውየው ይልቅ እኛን ያመናል።

ጉዳዩ የሐሳብ ብቻም አይደለም። ሚስማር የወጋው እግር አለ። የመንጋጋ ቆልፍ፣ ሐኪሞች ቴታነስ የሚሉት በሽታ ዘር አፈር ውስጥ ይኖራል፤ አየር በማያገኝ ጥልቅ ቁስል ውስጥ ይራባል። አፈር የነካው ቅጠል ተወቅጦ እንዲህ ባለ ቀዳዳ ላይ ሲጠቀጠቅ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። መከላከያው አንድ ክትባት ነው። ቅጠሉ ምን እንደሆነ፣ ለየትኛው ቁስል እንደሚውል፣ እንዴት እንደሚታጠብ በገሃድ ቢታወቅ ኖሮ «ይህን ለተፋቀ ቆዳ አድርጉት፣ ሚስማር ለወጋው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት» የሚል ሰው ይገኝ ነበር። የተደበቀን ነገር ማን ያርማል?

ሁለተኛው የአዋቂዎች መከራከሪያ ዘረፋ ነው። «ከነገርናችሁ ፈረንጅ ይወስደዋል።» ይህ ፍርሃት ከባዶ አልመጣም። የእንዶድን ታሪክ እናስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ የድሃ አገር መድኃኒት በድሃ ወንዝ ዳር ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያሳለፈው ግን ረጅም ዓመታት የሙግት ነበር፤ የውጭ ባለሙያዎች በእኛ ላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ አንቀበልም እያሉ ብዙ አመላለሱት። እ.ኤ.አ. በ1989 እሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ብዙም ሳይቆይ እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸገረውን ባለ ዛጎል ፍጥረት እንደሚገድል ታወቀ፤ በዚህ አገልግሎቱ በ1990ዎቹ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያስመዘገበው የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርስቲ ነው። የአድዋ ልብስ አጣቢዎች በየትኛው ወረቀት ላይ አሉ?

ይህን ታሪክ የሰማ «አላልናችሁም? መደበቅ ይሻላል» ይላል። ቆይ እንጂ! እንዶድ ምስጢር ሆኖ ቢቆይ ኖሮ አድዋ ላይ ማን ያየው ነበር? ደግሞም ምስጢር ከዘረፋ እንደማያድን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ፤ ይኸኛው በቀጥታ ስለ ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የሚሲሲፒ ዩኒቨርስቲ የሕክምና ማዕከል እርድን ለቁስል ማዳኛ በመጠቀም ላይ የፈጠራ መብት ተሰጠው። እርድ፣ ያ ወጥ ቢጫ የምናደርግበት! ሕንድ ውስጥ አያቶች ሁሉ ቁስል ላይ የሚነሰንሱት ነው። የሕንድ መንግሥት የምርምር ተቋም ተሟገተ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 መብቱ ተሰረዘ። በምን አሸነፉ? በጽሑፍ። የጥንት የሳንስክሪት መጽሐፍና እ.ኤ.አ. በ1953 በሕንድ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ አንድ ጽሑፍ አቅርበው «ይህ አዲስ አይደለም» አሉ። የሕንድ አያቶች እርድን ለበኩር ልጅ ብቻ በጆሮው ሹክ ብለው ሞተው ቢሆን ኖሮ ተከራካሪው ምን ይዞ ይቀርብ ነበር? ሹክሹክታ ፍርድ ቤት አይቆምም።

በእኛም አገር ደብተራዎች የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት አሉ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ሰብስቦ ያሳተማቸው በፈረንሳይኛ ትርጉም ነው። ያገራችንን ቅጠል ለማወቅ ፈረንሳይኛ መማር ሊኖርብን ነው እንዴ! ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ስንት ዘመን እንደሚሻገር ደግሞ ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ አሳይታለች፤ ምንም እንኳ ነገሩ ስለ ወባ ቢሆን። ጌ ሆንግ የሚባል ሰው ከ1600 ዓመት ገደማ በፊት «አንድ እፍኝ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ» የሚል ሐሳብ ጽፎ ሄደ። እሷ «መዘፍዘፍ እንጂ መቀቀል አላለም» ብላ አስተዋለች፤ ሙቀት ሳታበዛ አወጣችው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። የጻፈው ሰው የማያውቃቸው ሚሊዮኖች ዳኑ።

ሕግስ? አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቦች በዕውቀታቸው ላይ መብት እንዳላቸው፣ ያለ ፈቃዳቸውም እንደማይወሰድ ይደነግጋል። ወንዝ ዳር ለሚቀጥፉት ሽማግሌ ግን አዋጁን ያነበበላቸው የለም።

አሁን ወደ ባለቤትነት እንምጣ፤ ሁሉም የሚያልፈው ጥያቄ እዚህ አለ። አዋቂው «የአባቴ ነው» ይላል። አባቱስ ከየት አገኘው? ከአያቱ። አያትየውስ? ወደ ኋላ ስንሄድ ስንሄድ አንድ ቦታ ላይ ቅጠሉን መጀመሪያ የሞከረ ሰው እናገኛለን። የሞከረው በማን ላይ ነው? በአንድ ቁስለኛ ላይ። አንዱ ዳነ፤ ሌላው ባሰበት፤ ሦስተኛው እግሩን አጣ። «ይህኛው ይሆናል፣ ያኛው አይሆንም» የሚለው ዕውቀት የተገዛው በእነዚያ ሰዎች ሥጋ ነው። ስማቸው የለም፤ ድርሻቸው ግን አለ። ስለዚህ መድኃኒቱ የአዋቂው ብቻ ነው ማለት፣ እርሻው የአራሹ ሳይሆን የጎተራ ቁልፍ የያዘው ሰው ነው እንደማለት ነው። የሚበደለውም ደጁ የመጣው ቁስለኛ አይደለም፤ ያ ታክሟል። የሚበደለው ገና ያልቆሰለው፣ ምናልባትም ገና ያልተወለደው ነው። ምን እንደቀረበት የማያውቅ ሰው ደግሞ አይከስስም። ጥፋቱ ለዘመናት ስም ሳይወጣለት የቀረው ለዚህ ይመስለናል።

ይህ መለኪያ ግን ለሽማግሌው ብቻ የተሠራ አይደለም። ሐኪም ቤት ሄዶ ምን እንደታዘዘለት ሳይነገረው መድኃኒት የተቀበለ ስንት ነው? የሕክምና ትምህርትም እኮ በበሽተኞች ሥጋ ላይ የተገኘ ነው። ክረምት ሲመጣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ገጠር የሚወርደው ተማሪስ? ሽማግሌውን ቡና እየጠጣ ያወጣጣቸዋል፣ ቅጠሉን በጋዜጣ መሐል ያደርቃል፣ የላቲን ስሙን ይጽፋል፣ በእንግሊዝኛ አጠናቅሮ ውጤቱን ይቀበላል። ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሽማግሌው በአማርኛ እንኳ አንድ ገጽ አይመለስላቸውም። ይህስ መደበቅ አይደለም? ሽማግሌው ቢያንስ ቁስሉን አክመዋል።

በዶርማችን የተነሳው ክርክር የደመቀው ግን በመሐላ ጉዳይ ነው። የጎንደሩ ጓደኛችን አያቱ የቁስል ቅጠል ያውቃሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ቅጠሉን አሳይተው፣ ለማንም እንዳይናገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስምለውታል። ገሚሶቻችን «ተናገር! የባዮሎጂ ክፍል ይመርምረው፤ የራስ ባልሆነ ነገር ላይ የተማለ መሐላ አያስርም» አልን። ገሚሶቻችን «የአያቱን ቃል በሻይ ጨዋታ የሚሸጥ ሰው ነገ የማንን ምስጢር ይጠብቃል?» አልን። ኋላ የተስማማነው በዚህ ነው፦ መሐላው እሱን ያስራል፣ እሳቸውን ግን አያስርም። እሳቸው በሕይወት አሉ። መፍታት የሚችሉት እሳቸው ናቸውና ሄዶ ይጠይቃቸው። በማታለል የወጣ ዕውቀት ከተሰረቀ ከብት አይለይም፤ መድኃኒት ቢሆንም።

ባለፈው ዕረፍት ሄዶ ጠየቃቸው። «ይረክሳል» ይሉኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። አላሉም። «ልጄ፣ ቅጠሉስ አይረክስም፣ እኔ ነኝ የምረክስ» አሉት። «ሲድኑ አዋቂ ነኝ፤ ሳይድኑ መድኃኒተኛ ነኝ። ይህን ቅጠል እንደምይዝ ከታወቀ፣ በሰፈሩ ሆዱን ነክቶት ለሞተ ሁሉ እኔ ነኝ የምጠየቅ።» ቋንቋችንን ልብ ብለን ካየነው እውነታቸውን ነው። «መድኃኒት» የሚለው ቃል ከመዳን የመጣ ነው፤ ግን «መድኃኒት አበሉት» ስንል መርዙን ማለታችን ነው። «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» ደግሞ ስድብ ነው፤ ስድቡ ከከተማም ከገጠርም ይመጣል፣ ከዚህ ግቢ ልጆች አፍም ይወጣል። ሴትዮዋ የደበቁት ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውን ነው።

አንድ ነገር ግን ጨምረዋል። ጤና ጣቢያ ላለችው ነርስ እነግራታለሁ፤ እሷ በወረቀት ጽፋ ትያዘው፣ የማይሆነውንም እሷ ትንገረኝ ብለዋል። እዚያ ድረስ ሄደው ግን ለሰው ዓይን አይቀርቡም። ቤታቸው መጥታ፣ ቡና ጠጥታ፣ እሷ ራሷ ትጠይቃቸው። ከጤና ጣቢያው እስከ ቤታቸው በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም። ነርሷ እዚያ ከተመደበች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ጓደኛችን መልእክቱን አድርሶላታል። እስከ አሁን አልሄደችም።